የአነስተኛ ሲኤንሲ ማሽን ክፍሎች አመራረጥና የእንጨት ብናኝ አሰባሰብ

የገቢ ምንጩን ለማስፋት ወይም ለአጥቢያው ወጣቶች ሙያ ለማስተማር የእንጨት ሥራ ክፍል ለማቋቋም የሚያስብ የሰበካ ጉባኤ የልማት ኮሚቴ፣ ከመጋዝና ከመላጊያ ቀጥሎ በኮምፒዩተር ትእዛዝ እየተመራ እንጨት ስለሚቀርጸው ሲኤንሲ ማሽን ሲነገር መስማቱ አይቀርም። ትልልቆቹ የፋብሪካ ማሽኖች ከአንድ አጥቢያ አቅም በላይ ናቸው። በሌላው ዓለም ግን ሙያውን በትርፍ ጊዜያቸው የሚያዘወትሩ ሰዎች በየቤታቸው የሚገጣጥሙት አነስተኛ ዓይነት አለ፤ ይህ በአንድ ክፍል ውስጥ ሊተከል፣ ክፍሎቹም አንድ በአንድ ተገዝተው በአገር ውስጥ በያጅና ኤሌክትሪሻን ሊገጣጠሙ ይችላሉ። ለአትሮንስ፣ ለመስኮትና ለበር ፓነል፣ ለጽሑፍ ሰሌዳ፣ ለሐረግ ቅርጽ ይውላል። የጠራቢውን እጅ አይተካም፤ ከባዱንና ተደጋጋሚውን ሥራ ግን ያቃልልለታል።

በእንዲህ ያለ ግዢ ላይ በሚደረግ ውይይት ሁለት ጥያቄዎች ተለያይተው ይቀርባሉ። የመጀመሪያው «የትኛውን ሞተር፣ የትኛውን ሐዲድ እንግዛ?» የሚለው ሲሆን፣ ብዙ ጊዜና ብዙ ገንዘብ ይመደብለታል። ሁለተኛው «ብናኙንስ ምን እናድርገው?» የሚለው ነው፤ ለዚህ የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ «ገንዘብ ሲተርፍ» የሚል ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱ ጥያቄዎች በእውነቱ አንድ ጥያቄ መሆናቸውን ማሳየት ነው። የማሽኑ ክፍሎች ሲመረጡ የሚወጣው ብናኝ ዓይነትና መጠን አብሮ ይወሰናልና።

ብናኙ ለምን ይቀድማል

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በእንግሊዝ አገር፣ በወንበር ሥራዋ በምትታወቀው በሃይ ዊኮም ከተማ አካባቢ ያገለግሉ የነበሩ ሐኪሞች አንድ ነገር አስተዋሉ፤ በሌላው ሕዝብ ዘንድ እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይ የአፍንጫ ውስጥ ካንሰር በቤት ዕቃ ሠራተኞች ላይ ተደጋግሞ ይታይ ነበር። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1968 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ታተመ። ከዚያ በኋላ በተለያዩ አገሮች በተደረጉ ምርምሮች ላይ ተመሥርቶ፣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ጥራዝ የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ በተረጋገጡት ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ሕመሙ የሚገለጠው ከብዙ ዓመታት፣ ብዙውን ጊዜም ከዐሥርተ ዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ በ18 ዓመቱ ሥልጠና የሚጀምር ወጣት የብናኙን ዋጋ የሚከፍለው ሽበት በጀመረው ጊዜ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ያሠለጠነው ኮሚቴ በቦታው አይገኝም። አስምና የቆዳ መቆጣት ግን ከዚያ በፊት ይመጣሉ።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ አንሥቶ በሥራ ቦታ አየር ውስጥ የሚገኘው የጠንካራ እንጨት ብናኝ፣ በስምንት ሰዓት አማካይ ሲሰላ፣ በአንድ ሜትር ኩብ ከ2 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ደንግጓል። ይህን በምሳሌ እንመልከተው። 5 ሜትር በ6 ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ከፍታ ያለው ክፍል 90 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። የተፈቀደው ብናኝ ለክፍሉ በሙሉ 180 ሚሊ ግራም ይሆናል ማለት ነው፤ ይኸውም በሁለት ጣት ከሚቆነጠር ጨው የሚያንስ ነው። አንድ ማሽን በአንድ ቀን የሚያወጣው ሰጋቱራ ግን ከረጢት ይሞላል።

ከወለሉ ላይ በመጥረጊያ የምንሰበስበው ቅራፊ ለዓይን ቢያስቀይምም የጤና ጠንቅነቱ ዝቅተኛ ነው። ጎጂው ከሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ የማይበልጠው፣ ዓይን የማያየው፣ ማሽኑ ከቆመ በኋላም ለሰዓታት በአየር ላይ የሚንሳፈፈው ረቂቅ ብናኝ ነው። ወይራ፣ ዋንዛና ጽድን የመሳሰሉ የአገራችን እንጨቶች «ተፈጥሯዊ ስለሆኑ አይጎዱም» የሚለው አስተሳሰብ መሠረት የለውም። ኤምዲኤፍ ደግሞ ከሁሉ የረቀቀ ብናኝ ያወጣል፤ በማጣበቂያው ውስጥ የሚገኘው ፎርማልዴሃይድም ራሱን ችሎ ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመደበ ነው። አንድ ክፍል ኤምዲኤፍ ለመቁረጥ ካቀደ ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ምርጫ መሆኑ ቀርቶ ግዴታ ይሆንበታል።

ደካማ ማሽን ብናኝ ያመርታል

ስለ ማሽኑ አካል ስንነጋገር አንድ ቀላል ስሌት መረዳት ይጠቅማል። ሁለት ስለት ያለው መቁረጫ በደቂቃ 18,000 ጊዜ ሲዞር፣ እያንዳንዱ ስለት በየዙሩ 0.1 ሚሊ ሜትር እንዲነክስ ከተፈለገ፣ ማሽኑ በደቂቃ 3,600 ሚሊ ሜትር መጓዝ ይኖርበታል። እንዲህ ሲሆን የሚወጣው ነገር ቅራፊ ነው፤ ከበድ ይላል፣ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ መምጠጫው በቀላሉ ይወስደዋል። ክፈፉ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ሠራተኛው ፈርቶ ጉዞውን ወደ 600 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል፤ የመቁረጫውን ዙር ግን እንደ ነበረ ይተወዋል። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ስለት የሚነክሰው 0.017 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይሆናል። ይህ መቁረጡ ቀርቶ መፈተግ ነው፤ እንጨቱ ይጠቁራል፣ ስለቱ ይደነዝዛል፣ የሚወጣውም ዱቄት ነው።

እንግዲህ ጥንካሬ ለውበት ወይም ለፍጥነት ብቻ የሚፈለግ አይደለም። በማሽኑ ላይ ተጋድሞ መቁረጫውን የሚሸከመው ድልድይ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን፣ በተመሳሳይ ኃይል የሚጎብጠው ስምንት እጥፍ ነው። ከዚህ የተነሣ ትልቅና ደካማ ከሆነ ማሽን ይልቅ አነስተኛና ጠንካራ ማሽን መምረጥ ይሻላል። 122 በ244 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ሙሉ የኮምፔርሳቶ ጣውላ የሚያስተናግድ ማሽን ብዙ ኮሚቴዎችን ይማርካል፤ ሆኖም በር የሚሠራው ከፓነሎች ተገጣጥሞ ስለሆነ፣ 60 በ90 ሴንቲ ሜትር የሥራ ስፋት ለአብዛኛው የአጥቢያ ሥራ ይበቃል። በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው 30 በ18 ሴንቲ ሜትር የሆነው ማሽን ግን ፕሮግራም ለማስተማር እንጂ ለምርት የሚሆን አይደለም።

መሠረቱን በወፍራም ቱቦላሬ ማስበየድ ይቻላል። ብየዳ ብረትን ስለሚያጣምም፣ ሐዲዱ የሚያርፍበት ገጽ ከብየዳው በኋላ በማሽን ሾፕ መስተካከል አለበት፤ ይህን ወጪ የቆጠበ ኮሚቴ ውድ ሐዲድ በጠማማ መሠረት ላይ ያስራል። ሐዲድን በሚመለከት፣ ከሥሩ ድጋፍ የሌለውን ክብ ዘንግ መተው ይገባል። በርዝመቱ ሙሉ ድጋፍ ያለው ክብ ሐዲድ ይሠራል፤ ካሬው፣ ማለትም ኤች ጂ አር 15 ወይም 20 የሚባለው፣ ከዚያ የተሻለ ነው። ሲገዛ ተንሸራታቹ ጫፍና ጫፉ ላይ የአቧራ መጥረጊያ ጎማ እንዳለው ማየት ያስፈልጋል። ብናኝ ከቅባት ጋር ሲደባለቅ ሊጥ ይሆናል፤ ይህ ሊጥ ኩሽኔታዎቹን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይበላቸዋል። በዚህ ምክንያት ሐዲዱን በጠረጴዛው ላይ አግድም ከመዘርጋት በጎን በኩል ማሰርና የሚያሽከረክረውን ብሎን ከጠረጴዛው ሥር መደበቅ የተመሰገነ አሠራር ነው። ክፍት ጥርስ ያለው የማርሽ ሐዲድ ግን ሰጋቱራ በጥርሶቹ መካከል ስለሚይዝ በእንጨት ቤት ውስጥ ዕለታዊ ጽዳት ይጠይቃል።

እንቅስቃሴውን ለማስተላለፍ ባለ ኳስ ብሎን ከተራው ይመረጣል። 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውና በአንድ ዙር 5 ሚሊ ሜትር የሚጓዘው፣ ነጋዴዎች 1605 የሚሉት፣ ለተጠቀሰው ስፋት ይበቃል። ከእርሱ ጋር ኔማ 23 የሚባለው መጠን ያለው ስቴፐር ሞተር ይስማማዋል። ሞተሩ በአንድ ዙር 200 ርምጃ ሲኖረው፣ ድራይቨሩ እያንዳንዱን ርምጃ በስምንት ሲከፍለው 1,600 ይሆናል፤ 5 ሚሊ ሜትር ለ1,600 ሲካፈል ደግሞ 0.003 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ሻጮች የሚኮሩበት ቁጥር ይህ ነው። ነገር ግን እንጨት ከበጋ ወደ ክረምት በእርጥበት ብቻ ከዚህ እጅግ የበለጠ ይሰፋል፣ ይጠባል። ለእንጨት 0.1 ሚሊ ሜትር ትክክለኛነት ካገኘን በቂ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ ለሚጠየቅ ረቂቅነት የሚወጣው ገንዘብ ወደ ብናኝ መሰብሰቢያው ቢዛወር የተሻለ ነው።

መቁረጫው የሚያዝበት ሞተርና የአገራችን ከፍታ

መቁረጫውን የሚያሽከረክረው ሞተር ስፒንድል ይባላል። ርካሹ አማራጭ በእጅ የሚሠራበትን ራውተር በማሽኑ ላይ ማሰር ነው። ይህ ለጀማሪ የሚነቀፍ ባይሆንም፣ ጩኸቱ ከፍተኛ ነው፣ የካርቦን ብሩሾቹም ያልቃሉ። ሁለተኛው አማራጭ በኢንቨርተር የሚሠራ ስፒንድል ሲሆን 1.5 ኪሎ ዋት ለዚህ ደረጃ በቂ ነው፤ ኢንቨርተሩ ባለ አንድ ፌዝ 220 ቮልት ተቀብሎ ለስፒንድሉ ሦስት ፌዝ ያወጣለታል።

ስፒንድሉ በአየር ወይም በውኃ ይቀዘቅዛል። በዚህ ምርጫ ላይ የአገራችን መልክዐ ምድር ድርሻ አለው። ለኤሌክትሪክ ሞተሮች የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ ሞተሩ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ባለ ቦታ እንደሚሠራ አድርጎ ያስባል። አዲስ አበባ ግን በ2,400 ሜትር አካባቢ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ ደብረ ብርሃንም ከዚያ ትበልጣለች። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ሙቀትን የማንሣት ችሎታው ይቀንሳል። ስለዚህ በደጋ ላለ አጥቢያ በውኃ የሚቀዘቅዘው ተመራጭ ነው። ሌላም ጥቅም አለው፤ በአየር የሚቀዘቅዘው ስፒንድልም ሆነ የእጅ ራውተሩ በማራገቢያቸው ወደ ታች እየነፉ ብናኙን ይበትናሉ፣ የውኃው ግን ነፋስ የለውም። ጉድለቱ የውኃው ፓምፕ ከቆመ ስፒንድሉ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሊቃጠል መቻሉ ነው። ውኃው ሲፈስ በዓይን ሳይታይ ማሽኑ እንዳይነሣ የሚል ደንብ በግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ይበጃል።

የመብራት መቆራረጥም አብሮ ይታሰብ። ስቴፐር ሞተር የት እንደነበረ አያስታውስም፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ቦታውን የሚያገኘው መነሻውን የሚያሳውቁ ስዊቾች ከተገጠሙለት ብቻ ነው። ከሁሉም በላይ፣ መብራት ሲመለስ ስፒንድሉ በራሱ ፈቃድ እንዳይነሣ የሚከለክል ማብሪያና በእጅ ቅርብ የሆነ ቀይ የድንገተኛ ማቆሚያ ሊኖሩ ይገባል። እጁን ከመቁረጫው ሥር አስገብቶ መብራት የሚጠባበቅ ተማሪ አይጠፋምና። ስፒንድሉና የብናኝ መሳቢያው በየራሳቸው ብሬከር ይሁኑ፤ በአንድ መስመር ላይ አብረው ሲነሡ መስመሩን ይጥሉታል።

አየሩን መሳብ

ብዙዎች የሚጀምሩት ለቤት ወለል በተሠራ የኤሌክትሪክ መጥረጊያ ነው። ይህ መሣሪያ ኃይለኛ ስበት ቢኖረውም የሚያንቀሳቅሰው የአየር መጠን አነስተኛ ነው፤ በጠባብ ቱቦ፣ ለአንዲት ትንሽ መቁረጫ ይሠራል። ሁለተኛው ዓይነት፣ ሰፊ ማራገቢያ ያለው የእንጨት ቤት ብናኝ መሳቢያ፣ ስበቱ ለስላሳ ሆኖ የአየሩ መጠን ብዙ ነው።

የእንጨት ቅራፊ በቱቦ ውስጥ ሳይቀመጥ እንዲጓዝ አየሩ በሰከንድ 20 ሜትር ያህል መፍጠን አለበት። ለ100 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይህ በሰዓት 565 ሜትር ኩብ አየር ይጠይቃል፤ ለ50 ሚሊ ሜትር ቱቦ ግን 141 ይበቃል። ከዚህ ሁለት ስሕተቶች ግልጽ ይሆናሉ። የወለል መጥረጊያን ከ100 ሚሊ ሜትር ቱቦ ጋር ያገናኘ ሰው ፍጥነቱን ወደ ሩብ ያወርደዋል፤ ቱቦውም ከውስጥ ይደፈናል። ሰፊውን መሳቢያ በጠባብ ቱቦ ያነቀ ሰው ደግሞ የገዛውን የአየር መጠን በከንቱ ያስቀራል። ለ60 በ90 ማሽን በጸሐፊው አስተያየት ትክክለኛው ጥምረት 1.5 ኪሎ ዋት መሳቢያና እስከ መቁረጫው ድረስ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ ነው። ቱቦው አጭር፣ ውስጡ ለስላሳ፣ ማጠፊያውም ጥቂት ይሁን። በከፍታ ቦታ ማራገቢያው በሜትር ኩብ ሲለካ ያንኑ ያህል አየር ቢያንቀሳቅስም፣ አየሩ ቀሊል ስለሆነ የመሸከም ጉልበቱ ያንሳል፤ ካታሎጉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያለ ትርፍ መግዛት አያዋጣም።

መቁረጫውን የሚከብበው ባለ ብሩሽ ጫማ የስብሰባው ራስ ነው። ከመቁረጫው ጋር ወደ ላይና ወደ ታች የማይመላለስ፣ ብሩሹ ሁልጊዜ እንጨቱን ነክቶ የሚቆም ይሁን። በግልጽ ፕላስቲክ ከተሠራ ሥራው ይታያል፤ በማግኔት ከታሰረ መቁረጫ በሚለወጥበት ጊዜ በቀላሉ ይነሣል። ለማንሣት የሚያስቸግር ጫማ ሁለት ቀን አገልግሎ በሦስተኛው ቀን መደርደሪያ ላይ መቀመጡ አይቀርም። መቁረጫ ሲመረጥም ጠመዝማዛው ወደ ላይ የሚያወጣው ዓይነት ቅራፊውን ወደ ጫማው ያቀብላል፤ ወደ ታች የሚገፋው የላይኛውን ጠርዝ ንጹሕ ቢያደርግም ቅራፊውን በቦዩ ውስጥ ይጠቀጥቃል። የሐረግና የመስቀል ቅርጽ በክብ ጫፍ መቁረጫ ለሰዓታት እየተመላለሰ ስለሚወጣ፣ ከጣውላ ቆረጣ ይልቅ የረቀቀ ብናኝ እንዳለው ኮሚቴው ይወቅ። የአጥቢያዎች ዋና ሥራ ደግሞ ይኸው ነው።

በጫማውና በመሳቢያው መካከል ሳይክሎን የሚባለው ቀፎ ቢገባ ከባዱ ቅራፊ በሽክርክሪት ተለይቶ በበርሜል ይቀራል። ይህን ከላሜራ በአገር ውስጥ ማሠራት ይቻላል፤ በርሜሉ አየር የማያስገባና በስበት የማይጨማደድ መሆን አለበት፣ በክዳኑ ላይ ያለች ጥቂት ቀዳዳ እንኳ ሥራውን ታበላሻለችና።

ቀጥሎ የሚመጣው የማጣሪያ ነገር ነው። በብርዳማ አገሮች የሞቀውን አየር ላለማባከን ሲሉ አየሩን በውድ ማጣሪያ አጥርተው ወደ ክፍሉ ይመልሱታል። እኛ ለማሞቂያ የምንከፍለው ስለሌለ፣ ከሳይክሎኑ ያለፈውን አየር ወደ ውጭ ማስወጣት እንችላለን። ከመሳቢያዎች ጋር የሚመጣው ተራ የጨርቅ ከረጢት ረቂቁን ብናኝ በቀዳዳዎቹ እያሳለፈ መልሶ ወደ ሠራተኛው አፍንጫ ስለሚነፋ፣ በክፍል ውስጥ ከመጠቀም ማስወጣት ይበልጣል። መውጫው ግን ምእመናን ከሚቀመጡበት ዛፍ ሥር፣ ከጎረቤት መስኮትና ከጠበል ቦታ ራቅ ብሎ በነፋሱ አቅጣጫ ይታሰብ፤ የሚወጣውን የሚተካ አየር የሚገባበት መስኮትም በተቃራኒው በኩል ይከፈት። የመሳቢያው ጩኸት ቀላል ስላልሆነ የሥራው ሰዓት ከጸሎቱ ሰዓት ጋር እንዳይጋጭ አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል።

የአፍ መሸፈኛ የዚህ ሁሉ ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም። ኤን 95 ወይም ከዚያ የተሻለው የሚሠራው ከፊት ቆዳ ጋር ሲገጥም ነው። በጢም ላይ ሲታሰር አየሩ በጎን ይገባል፤ ይህም ሥልጠናውን የሚከታተሉ ካህናትንና ዲያቆናትን በቀጥታ የሚመለከት ጉዳይ ነው። ለእነርሱ የሚሻለው ማሽኑ በሚሠራበት ጊዜ ከክፍሉ ውጭ ሆኖ በመስታወት መከታተል፣ ወይም ንጹሕ አየር በሞተር እየተነፋ የሚገባበትን ቆብ መሰል መከላከያ መጠቀም ነው።

ደረቅ ብናኝ እሳት ይወዳል። የጠቆረ ቅራፊ በበርሜሉ ውስጥ ለሰዓታት ጨሶ ሌሊት ሊነሣ ስለሚችል፣ በርሜሉ ማታ ማታ ከሕንጻው ውጭ ይገልበጥ፤ ጧፍና ከሰል ወደ ክፍሉ አይግቡ። በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ የሚሮጥ ብናኝ የሚፈጥረው ኤሌክትሪክ ደግሞ የማሽኑን መቆጣጠሪያ ሊያሳስት ስለሚችል፣ በቱቦው ርዝመት ባዶ ሽቦ ዘርግቶ ከመሬት ሽቦ ጋር ማሰር ይገባል። የመቆጣጠሪያው ሣጥንም ዝግና አየሩ በማጣሪያ የሚገባ ይሁን።

ስለ በጀት፣ ለብናኝ አሰባሰቡ ከጠቅላላው ሩብ ያህል ከመነሻው ተለይቶ ቢያዝና ከማሽኑ ጋር በአንድ ውል ቢገዛ ይመከራል። ርክክቡም በሥራ ላይ ይሁን። አቅራቢው በአጥቢያው የተመረጠውን እንጨት ለአንድ ሰዓት ያህል ይቅረጽ፤ ከዚያም መስኮቶቹ ይሸፈኑና ክፍሉ ይጨልም፤ አንድ የኮሚቴ አባል ኃይለኛ የእጅ ባትሪ ከመቁረጫው ጀርባ ወደ ተመልካቾቹ አቅጣጫ ያብራ፤ ሌሎቹም ከብርሃኑ ጎን ቆመው ይመልከቱ። በቀን ብርሃን የማይታየው ረቂቅ ብናኝ በጨረሩ ውስጥ እንደ ጢስ ሲንሳፈፍ ከታየ፣ ጫማው፣ ቱቦው ወይም መሳቢያው እንዲስተካከል ይታዘዝ፤ የመጨረሻው ክፍያም እስከዚያው ይቆይ።